የባሻ መልክ

ደብረ ብርሃን፣ ረፋድ ላይ፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ በተጋረደ የአራስ ክፍል ውስጥ፣ ከወለደች ሳምንት ያልሞላት ሰናይት እና የባሏ እናት ወይዘሮ ይርገዱ።

ሰናይት፦ ብርድ ልብሱን ሙሉ ለሙሉ ያውርዱት አላልኩም እማማ። በአንድ ጥጉ ገለጥ ያድርጉልኝ ነው ያልኩት።

ይርገዱ፦ በአንድ ጥጉ የገባ ብርድ በአንድ ጥጉ ይወጣል መሰለሽ? እዚህ አገር ብርድ አንዴ ከገባ ቤት ተከራይቶ ነው የሚቀመጠው።

ሰናይት፦ ፀሐይ ወጥታለች እኮ። በመዝጊያው ስንጥቅ ትታየኛለች።

ይርገዱ፦ የደብረ ብርሃን ፀሐይ ለመታየት ነው እንጂ ለመሞቅ አይደለችም። በይ ጋደም በይ። ገንፎው ሊደርስ ነው።

ሰናይት፦ ገንፎ አልፈልግም። ልጄን በብርሃን ማየት ነው የምፈልገው።

ይርገዱ፦ አምፖሉ በርቶልሽ የለም እንዴ?

ሰናይት፦ አምፖሉ ቢጫ ነው። በሱ ስር ሁሉም ነገር ቢጫ ነው የሚመስለው።

ይርገዱ፦ ታዲያ ምን አስጨነቀሽ? እኔም ቢጫ፣ አንቺም ቢጫ፣ ግድግዳውም ቢጫ። ተስማምተን ተቀምጠናል።

ሰናይት፦ እኔም እሱን ነው የምለው። የልጁን ከእኛ መለየት አቃተኝ።

ይርገዱ፦ አገር የለየውን አቃተኝ ትላለች። ትናንት ደብሪቱ ፎጣውን ገና ገለጥ ስታደርግ ምን አለች? «ባሻ ተመልሶ መጣ እንዴ?» ነው ያለችው። ደብሪቱ ደግሞ ሰው ደስ ይበለው ብላ የምትናገር ጎረቤት አይደለችም። እኔን ደስ ይበላት ብላማ ጭራሽ።

ሰናይት፦ ሰምቻታለሁ።

ይርገዱ፦ ባሻ ነፍሱን ይማረውና ሲስቅ እስከ ጆሮው ድረስ ይቀላ ነበር። የሠርጋችን ቀን ከሚዜዎቹ ሁሉ በሩቅ ይታወቅ ነበር። ይህን ሁሉ ልጅ ወልጄለት አንዱ እንኳ በሱ አልወጣም፤ ሁሉም የእኔን ጥቁረት ይዘው ቁጭ። ይኸው በልጅ ልጁ ዞሮ መጣልኝ። ቀዮ፣ የእኔ ጌታ።

ሰናይት፦ ሲወለድ ቀይ አልነበረም እማማ።

ይርገዱ፦ ሲወለድማ ማን መልክ አለው? ሁሉም የተቀቀለ ነገር ነው የሚመስለው። መልክ ሲውል ሲያድር ነው የሚወጣው።

ሰናይት፦ ልጅ ሲውል ሲያድር ይጠቁራል እንጂ ይቀላል እንዴ? ሆስፒታል የመጡ ቀን ጆሮውን ያዩት እርስዎ ራስዎ ነዎት። የጆሮውን ጫፍ አዩና «ጠይም ነው የሚሆነው» አሉ። ፎጣውን መለሱበት፤ ከዚያ ሳያቅፉት ወጡ።

ይርገዱ፦ ወጥቼ ሙቅ ላመጣልሽ ነበር።

ሰናይት፦ ሙቁ በሰው ነው የመጣልኝ።

ይርገዱ፦ ዛሬ ምን ነክቶሻል አንቺ ልጅ? አራስ ስትከፋ ወተቷ ይሸሻል ሲባል አልሰማሽም?

ሰናይት፦ ወተቱማ ሞልቶ ልብሴን እያራሰው ነው። የሚጠባው ነው የጠፋው። ጎህ ሳይቀድ ትንሽ ቀመስ አደረገና ተወው። ከዚያ ወዲህ እግሩን ብኮረኩረው፣ ጉንጩን ብነካው አፉን አይከፍትልኝም።

ይርገዱ፦ ጠግቦ ነዋ። ጨዋ ልጅ ነው። አባቱ ግዛው በዚህ ዕድሜው ሰፈሩን በጩኸት ያፈርሰው ነበር። እንዲህ ያለ ዝምተኛ ልጅ ስንቷ ተስላ አታገኘውም።

ሰናይት፦ ከትናንት ጀምሮ ያስፈራኝ ይሄው ዝምታው ነው። ነርሷ ስንወጣ ምን እንዳለች ያስታውሳሉ? «በሦስተኛው ቀን መልሳችሁ አምጡት፣ እናየዋለን» ብላ ነበር።

ይርገዱ፦ ምኑን ነው የሚያዩት? ጣቱን ሊቆጥሩ ከሆነ እኔ ቆጥሬዋለሁ፣ ሙሉ ነው። አራስ እንኳን ሆስፒታል ደጃፍም አትወጣም አልኩ፣ ዛሬም እላለሁ።

ሰናይት፦ እኔም እሺ ብዬ ቀረሁ።

ይርገዱ፦ እሺ ማለትሽ ደግ ነው። ከትራስሽ ስር ቢላዋውን ያደረግኩልሽ፣ መስኮቱን የጋረድኩልሽ ለምን ይመስልሻል? አራስና ጨቅላ ዓይን ይበዛባቸዋል። ደግሞ እንዲህ ያለ መልክ ይዞ።

ሰናይት፦ እማማ፣ ልጁ አልቀላም። ቢጫ ሆኖ ነው።

ይርገዱ፦ ምን አልሽ?

ሰናይት፦ የወፍ በሽታ ይዞታል መሰለኝ።

ይርገዱ፦ አፍሽን ያዢ። በአራስ ቤት የበሽታ ስም አይጠራም።

ሰናይት፦ ስሙን ባልጠራው ይሄዳል?

ይርገዱ፦ ወፍ በየት በኩል ይገባል? የልጁን ጨርቅ በእጄ አጥቤ ቤት ውስጥ ነው ያሰጣሁት። የሌሊት ወፍ እንዳይሸናበት ብዬ ገመዱን እዚሁ ከኮርኒሱ ስር ነው የወጠርኩት። ስትነሺ ስትቀመጪ ግንባርሽን እየመታሽ ስታማርሪ አልነበር?

ሰናይት፦ የጨቅላ ልጅ የወፍ በሽታ ከሌሊት ወፍ አይመጣም። እንኳን ውጭ ቢያሰጡት፣ ዛፍ ላይ ቢሰቅሉትም አይመጣም። ልጅ ሲወለድ ብዙ ደም ይዞ ነው የሚመጣው። አሮጌው ደም ሲፈርስ ቢጫ ነገር ይወጣዋል። ያንን የሚያስወግደው ጉበቱ ነው፤ ጉበቱ ደግሞ ገና ሥራ አልለመደም።

ይርገዱ፦ ጉበቱም አራስ ነው በይኛ።

ሰናይት፦ እንደዛ ይበሉት።

ይርገዱ፦ አራስ ከሆነማ ይረፍ። ሲጠነክር ይሠራል።

ሰናይት፦ የአብዛኛው ልጅ እንደዛ ነው። ትንሽ ቢጫ ይልና፣ ጡቱን እየጠባ፣ እየሸና እየተጸዳዳ፣ በራሱ ጊዜ ይለቀዋል። እንደዛ ቢሆን ኖሮ እኔም ገንፎዬን እበላ ነበር። ችግሩ ሲበዛ ነው። ሲበዛ ልጁን ያደክመዋል፣ ከጡት ያስቀረዋል። ከዚያም አልፎ ወደ አንጎል ይወጣል።

ይርገዱ፦ ወደ አንጎል ወጥቶ ምን ያደርጋል?

ሰናይት፦ ጆሮውን ይዘጋዋል። አንገቱን ማቆም፣ መቀመጥ፣ መሄድ ያቅተዋል። አለዚያም… አለዚያውን አልናገረውም እማማ። አፌ አይችለውም።

ይርገዱ፦ አትናገሪው። ማንም ተናገሪ አላለሽም። ነርሶቹ ሰው ማስፈራራት ይወዳሉ። ግርዘቱ ይለፍ፣ ከዚያ ጠዋት ጠዋት ቅቤ ቀብቼ ፀሐይ አሞቀዋለሁ። ልጆቼን ሁሉ እንደዛ ነው ያሳደግኩት።

ሰናይት፦ አሁን የምትሞቅ ፀሐይ የለችም ሲሉኝ አልነበር?

ይርገዱ፦ ያን ጊዜ ትኖራለች።

ሰናይት፦ ብትኖርም ለዚህ አትበቃም። ነርሷ እናቶቹን ሁሉ ሰብስባ ተናግራለች። ራቁቱን ፀሐይ ላይ ቢውል ወይ ይበርደዋል፣ ወይ ይለበልበዋል፤ ቢጫው ግን እዚያው ነው። እሱን የሚያወርደው የሆስፒታሉ ሰማያዊ መብራት ነው።

ይርገዱ፦ ስኳር በውኃ በጥብጬ ጣል ጣል ባደርግለትስ? አንጀቱን ያጥብለታል።

ሰናይት፦ ስኳር ውኃ ሆዱን ይሞላና ከጡት ያስቀረዋል እንጂ ቢጫውን አይነካውም። ለሸኖዋ ሴትዮም እንዲሁ ብለዋታል።

ይርገዱ፦ የምን ሸኖዋ?

ሰናይት፦ ከጎኔ አልጋ የነበረችው። ልጇን በሰማያዊ መብራት ስር አስተኝተውት ነበር፣ ዳይፐር ብቻ አድርጎ፣ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍነውት። ባየሁት ጊዜ ሳቅኩ። ሽርሽር ሄዶ ፀሐይ የሚሞቅ ሰውዬ ነበር የሚመስለው። አሁን ያ ሳቄ ነውር ሆኖ ይሰማኛል።

ይርገዱ፦ ልጇ ዳነ?

ሰናይት፦ እኛ ስንወጣ ጡት እየሳበ ነበር።

ይርገዱ፦ እንግዲህ ግዛው ይምጣና ይወስን። የልጁ አባት እያለ እኔና አንቺ ምን አንጨረጨረን?

ሰናይት፦ ግዛው ከነመኪናው ገላፊ ድንበር ላይ ወረፋ ይዟል። ስልኩ ከትናንት ጀምሮ አይሠራም። እስኪመጣ ድረስ ልጁ አይጠብቅም።

ይርገዱ፦ ለግርዘቱ የባሻን ወንድሞች ጠርቻለሁ እኮ። ከእነዋሪ ድረስ ነው የሚመጡት። በግ ታይቷል። ልጁ ሆስፒታል ነው ብዬ እንዴት ልመልሳቸው?

ሰናይት፦ የበጉ ዕድሜ ይረዝማል። ሌላ ምን ይሆናል?

ይርገዱ፦ አንቺ አይገባሽም። እነሱ መጥተው እንዲያዩት ነው የፈለግኩት። ዓይናቸው እያየ አፋቸው እንዲዘጋ።

ሰናይት፦ ይገባኛል እንጂ። የማይገባኝ መስሎዎት ነው ጓዳ ሆኜ እየሰማሁ ከእነሱ ጋር ሳሎን ቁጭ ብለው ወር ሲቆጥሩ የነበሩት? ግዛው ከጂቡቲ መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ፣ እስዋ መቼ አረገዘች…

ይርገዱ፦ እኔ አልቆጠርኩም። እነሱ ናቸው የቆጠሩት።

ሰናይት፦ እርስዎ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ነበር። ከመቁጠሩ ይበልጥ የከፋኝ ያ ነው።

ይርገዱ፦ ምን ልበል ታዲያ? ልጄ ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ሰው ሲያወራ እኔ የሰውን አፍ ልስፋ? መልኩ ወጥቶ ሲመጣልኝ ግን እግዜር ሰማኝ አልኩ። ለአንቺም ነው ደስ ያለኝ። ከዚህ ወዲያ ማንም ቀና ብሎ አያይሽም።

ሰናይት፦ አውቃለሁ። ለዚያ ነው ትናንት ዝም ያልኩት።

ይርገዱ፦ ትናንት?

ሰናይት፦ ትናንት ጨርቁን ስቀይርለት ሆዱን አየሁት። ሆዱ ድረስ ወርዷል። ልነግርዎት አፌን ስከፍት እርስዎ ጭኮውን ይዘው ገቡ። «የባሻን መልክ ያመጣሽልኝ፣ ዛሬ በእጄ ነው የማጎርስሽ» አሉ። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ አጉርሰውኝ አያውቁም። አፌን የከፈትኩት ለመናገር ነበር፤ ጎረስኩበት።

ይርገዱ፦ ምነው ሰናይት…

ሰናይት፦ ደስ አለኝ እማማ። ልጄ እየታመመ እኔ ደስ አለኝ። ማታም ትንሽ ይቆይ፣ ለዛሬ ብቻ ቀይ ሆኖ ይደርልኝ ብዬ ተኛሁ። ይኸው ነጋ፣ ልጁ አልነቃ አለኝ።

ይርገዱ፦ አታልቅሺ። አራስ ዓይኗን አታስለቅስም። አታልቅሺ አልኩሽ።

ሰናይት፦ ነርሷ የደሜን ዓይነት ጠይቃኝ ነበር። «ኦ» ነኝ አልኳት። የእናቱና የልጁ ደም ካልተስማማ ቢጫው ቶሎ ይበዛል፣ በተለይ አንቺ እንዳትቀሪ ብላኝ ነበር። በተለይ አንቺ።

ይርገዱ፦ ደሙ ካልተስማማ ማለት ምን ማለት ነው?

ሰናይት፦ የልጁ ደም ከእኔ ሌላ ከሆነ ማለት ነው።

ይርገዱ፦ ከአንቺ ሌላ ከሆነ የማን ሊሆን ነው?

ሰናይት፦ እንዲህ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። የአባቱ ነዋ። ግዛው ደም የለገሰ ጊዜ «ኤ» ነህ ተብሏል፣ እርስዎም ያውቃሉ። ደሙ በአባቱ ከወጣ ነው ከእኔ ጋር የሚጣላው።

ይርገዱ፦ ቆይ፣ ቆይ። ካመመው የግዛው ስለሆነ ነው እያልሽኝ ነው?

ሰናይት፦ ሊሆን ይችላል ነው የምልዎት። ላይሆንም ይችላል፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ይተዉት እማማ። ትናንት መልኩን ማስረጃ አደረጉት፣ ዛሬ ደግሞ ደሙን አያድርጉብኝ። ልጅ ነው እኮ፣ የምስክር ወረቀት አይደለም። ደከመኝ።

ይርገዱ፦ እኔም ደክሞኛል። በእግዚአብሔር፣ እስቲ ወደዚህ ስጪኝ።

ሰናይት፦ አንገቱን ደገፍ ያድርጉልኝ።

ይርገዱ፦ ልጅ ማቀፍ ልታስተምሪኝ ነው? ና እስቲ ቀዮ። ና የእኔ አባት። ጣቴን ያዝ። አፉ ውስጥ ሳደርግለት እኮ ትናንትና ስቦኝ ነበር፣ ጥፍሬን ሊነቅለው ነበር። ሳብ እንጂ። ሳብ። ምነው?

ሰናይት፦ አይስብም።

ይርገዱ፦ እንቅልፍ ላይ ነው። እጁን ላንሳው። … ወደቀ።

ሰናይት፦ እኔም ሳነሳው ይወድቃል።

ይርገዱ፦ ተነስ እንጂ አንተ። ተነስ። አለቀሰ፣ ይኸው አለቀሰ።… ምንድን ነው ይሄ ለቅሶ? ይሄ የሰው ልጅ ለቅሶ ነው? በር የቆነጠጣት ድመት ነው የሚመስለው።

ሰናይት፦ ሲወለድ እንዲህ አልነበረም ለቅሶው። ወፍራም ነበር። ሐኪሙ ሳቀ፣ «ይሄ ቄስ ነው የሚሆነው» ብሎ።

ይርገዱ፦ ያንን ጨርቅ አቀብይኝ። የትናንቱን አይደለም፣ ያንን ከገመዱ ላይ ያለውን።

ሰናይት፦ ታጥቧል እኮ እሱ።

ይርገዱ፦ መታጠቡንማ ያጠብኩት እኔ ነኝ። አልለቅ አለኝ። ሽንቱ ነጩን ጨርቅ እንደ እርድ ነው ያቀለመው። ሳሙናውን ረገምኩ፣ ባለሱቁን ረገምኩ። የጨቅላ ሽንት እንደ ውኃ ነው የሚሆነው፣ ይህንን ማንም ነግሮኝ አይደለም የማውቀው። አውቃለሁ እኮ። እያወቅኩ ሳሙና ስረግም ዋልኩ።

ሰናይት፦ እማማ፣ ብርድ ልብሱን።

ይርገዱ፦ ልጁን ያዢው። ያዢው፣ አጥብቀሽ ያዢው። ይሄ ምስማር ደግሞ… ማን ነው እንዲህ አድርጎ የመታው?

ሰናይት፦ እርስዎ ነዎት።

ይርገዱ፦ እኔ ስመታ ለዓመት ነው የምመታው። ይኸው ወረደ። ብርሃኑ ዓይንሽን ይወጋሻል፣ ቀስ ብለሽ ቀና በይ። ልጁን ወደ መስኮቱ አዙሪው።

ሰናይት፦ አፍንጫውን በጣትዎ ጫን አድርገው ይልቀቁት። ደሙ ሸሸት ሲል ከስር ያለው መልክ ይታያል ብላለች ነርሷ።

ይርገዱ፦ ጫን አደረግኩ። … ቢጫ ነው።

ሰናይት፦ ደረቱንም።

ይርገዱ፦ ደረቱም ቢጫ ነው። ካልሲውን አውልቂለት። ሆዱ ድረስ ወርዷል አላልሽም? ወደ ታች የት ድረስ ነው የሚወርደው?

ሰናይት፦ ወደ ታች በወረደ ቁጥር እየበዛ ነው ማለት ነው።

ይርገዱ፦ ውስጥ እግሩ ድረስ ነው ሰናይት። ውስጥ እግሩ ድረስ።

ሰናይት፦ አያልቅሱ። እርስዎ ካለቀሱ እኔ መቆም አልችልም።

ይርገዱ፦ ማን አለቀሰ? ብርሃኑ ነው። ዓይኑን ልየው። ሽፋሽፍቱን በጣቴ ቀስ አድርጌ… አይ አንተ። አይ አንተ ልጅ።

ሰናይት፦ ምን ሆነ?

ይርገዱ፦ ባሻ ቀይ ነበር። ቀይ እንደሆነ ነው የሞተው። ዓይኑ ግን ነጭ ነበር። እንደ ወተት ነጭ ነበር ዓይኑ። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን አይቼው የኖርኩትን ዓይን እንዴት ረሳሁት?

ሰናይት፦ ጨለማ ነበር እማማ።

ይርገዱ፦ ጨለማውን የሠራሁት እኔ ነኛ። ልብስሽን ልበሺ። መቆም ትችያለሽ?

ሰናይት፦ እችላለሁ።

ይርገዱ፦ ካልቻልሽ በጀርባዬ አዝልሻለሁ። ካልሲ ደርቢ። ጋቢዬን እላይሽ ላይ ጣይበት። ልጁን ለእኔ ስጪኝ፣ አንቺ ግድግዳውን ይዘሽ ተከተይኝ።

ሰናይት፦ ጡት ደግሜ ልሞክርለት? በመንገድ ላይ እንዳይደክምብኝ።

ይርገዱ፦ ባጃጁ ውስጥ ትሞክሪዋለሽ። ካልሳበም አልበሽ ጠብ አድርጊለት፣ ጠብታ ቢያገኝ ጠብታ ነው። የባጃጁን ልጅ በመስኮት ልጥራው። ይኸው ብርድ ልብሱ መውረዱ ለዚህም ጠቀመ። … ና ወዲህ አንተ። ሞተሩን አታጥፋው። አራስ ነው የምትጭነው፣ ጉድጓድ ላይ ብትዘል ወዮልህ።

ሰናይት፦ ቢላዋውን ከትራሱ ስር ላንሳው?

ይርገዱ፦ ተዪው። እዚያ ትራሱን ይጠብቅ።

ሰናይት፦ እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። አሁን ካልነገርኩዎት በኋላ አልችልም።

ይርገዱ፦ እየሄድሽ ንገሪኝ።

ሰናይት፦ እግዜር ቢረዳንና ቢያድኑት፣ ያ ሰማያዊ መብራት ቢጫውን ያወርደዋል። ልጁ በራሱ መልክ ነው የሚመለስልን። እንደ እኔ፣ እንደ አባቴ ጠይም ሊሆን ይችላል። የባሻ ወንድሞች ሲመጡ የሚያዩት እሱን ነው። ደብሪቱም የምታየው እሱን ነው። ያን ጊዜ ፎጣውን መልሰውበት እንዳይወጡ።

ይርገዱ፦ ጆሮውን እያየሁ ነው። ያን ዕለት እንዳየሁት ነው፣ አልተለወጠም። ጆሮው አልዋሸኝም ነበር። እኔ ነኝ ያልወደድኩለት።

ሰናይት፦ አሁንስ?

ይርገዱ፦ አሁን አንገቱ ክንዴ ላይ ነው ያለው። ትንፋሹ ያቃጥለኛል። ጥቁር ይሁን፣ ጠይም ይሁን፣ የጠጅ ሣር መልክ ይኑረው፣ ብቻ ዓይኑን ገልጦ ይየኝ። ጣቴን ይሳብልኝ። ሌላውን መልኩን ራሱ ሲያድግ ይጨነቅበት።

ሰናይት፦ ዘግይተን ይሆን እማማ? እውነቱን ይንገሩኝ።

ይርገዱ፦ አላውቅም። ብዋሽሽ ታውቂብኛለሽ። አላውቅም፣ ግን ከዚህ በላይ አንዘገይም። ደረጃው ላይ ተጠንቀቂ።

ሰናይት፦ ደብሪቱ በሯ ላይ ቆማለች። አየችን።

ይርገዱ፦ ትይ።

ሰናይት፦ ወደዚህ እየመጣች ነው። «ቀዩ ልጅ ምን ሆነ፣ ወዴት ነው የምትወስዱት?» ማለቷ አይቀርም። ምን እንበላት?

ይርገዱ፦ አንቺ ዝም ብለሽ ግቢ፣ ለእሷ የምመልስላት እኔ ነኝ። የይርገዱ የልጅ ልጅ ሆስፒታል ሊጠይም ሄደ እላታለሁ።